የእንግዳችን አያት ልቅሶ

በጃንሆይ ዘመን፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ አሜሪካ ሄደው አንድ ዓመት ከሰው ቤት እየኖሩ የሚማሩ ልጆች ከትምህርት ቤታችን ሲመረጡ የእኔም ስም ተጠራ። እንግሊዝኛዬ ደህና ነበር፤ በክርክር ማኅበሩም አፌ አይያዝም። የዚያን ቀን ከጃን ተከል ዋርካ እስከ ቤታችን እየሮጥኩ ገባሁ። ደጃፋችን ስደርስ ግን ሩጫዬ በረደ። ቤት ውስጥ አባቴ አሉ።

አባቴ ከጎንደር አድባራት በአንዱ መሪጌታ ነበሩ። ዜማ ያስተምራሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ “የኔታ” ይላቸዋል። ነገሩን አስረድቼ ስጨርስ የዝንብ ጭራቸውን እያወዛወዙ ቆዩና፦

“እዚያ የምትኖሪው ማን ዘንድ ነው?” አሉኝ።

“አንድ ቤተሰብ ዘንድ።”

“ማን ያውቃቸዋል?”

“የሚልከን ማኅበር ያውቃቸዋል።”

“ማኅበሩንስ ማን ያውቀዋል?”

በማግስቱ ኩታቸውን አጣፍተው ዲሬክተሩ ዘንድ ሄዱ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ሰማሁ። “ልጄን ለማላውቀው ሰው ስጥ ከተባልኩ፣ እነሱም ልጃቸውን ለማያውቁት ሰው ይስጡና እንተያይ” አሉ። ዲሬክተሩ ሳቁ። አባቴ አልሳቁም። ከዚያ የዲሬክተሩ ሳቅ እየቀነሰ መጣ። ለካ ያው ማኅበር በክረምት ወደ እኛ አገር የሚልካቸው ልጆች ነበሩ፤ ጎንደር ውስጥ የሚቀበል ቤት ጠፍቶ ዲሬክተሩ ተጨንቀው ኖሯል። እንዲህ ሆኖ ሐምሌ ሲገባ፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ረጅም አሜሪካዊት፣ ከታናሽ ወንድሜ የሚተልቅ ቦርሳ ተሸክማ፣ ዝናብ እያንጠባጠበች ቤታችን ገባች።

እናቴ አልጋዋን ለቀቀችላት። ልጅቱ እምቢ ብላ ከእኔ ጋር መደቡ ላይ ካልተኛሁ አለች። እናቴ ተቀየመች፤ በኋላ አልጋው ላይ ሁለታችንም እንድንተኛ ተስማማን። ፊቷ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሞላ ነበርና እናቴ የፀሐይ በሽታ መስሏት ለሳምንት ያህል ቅቤ ልትቀባት ታሳድዳት ነበር። ከቤታችን አውራ ዶሮ በቀር የምትፈራው ነገር አልነበረም። አባቴን “የኔታ” ስትል “ያናታ” ይሆንባታል፤ ተማሪዎቻቸው በሳቅ ይፈርሳሉ፤ እሳቸው ግን “አቤት” ይሏታል።

ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ዜማ ሲቀጽሉ ከሚማሩበት ዳስ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ቃሉ አይገባትም፤ እግሯ ግን መሬቱን በቀስታ እየመታ ይከተላል። አባቴ ለጥቂት ቀናት ሲያዩዋት ሰነበቱና አንድ ቀን እራት ላይ “እግሯ ከአንዳንዱ ተማሪዬ አፍ ይሻላል” አሉ። ተርጉሜ ስነግራት ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

አንድ ሰሞን አውቶቡስ ተሳፍረን አምባ ጊዮርጊስ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ዘንድ ሄድን። ገበሬ ነው፤ እናቴም እኛም “አያ” እንለዋለን። ጉሙ ወርዶ ሰው ከሰው አይተያይም፤ ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ልጅቱ የእናቴን ጋቢ ተከናንባ ከቤተሰቡ ጋር የገብስ አረም ልታርም ወረደች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አያ ቀና ብሎ ከኋላዋ የተወችውን ባዶ መሬት አየ። “ምነው ልጄ፣ ገብሱንም ጠላሽው?” አላት። ያን ቀን እስከ ማታ ሥራዋ የተነቀለውን አረም ወደ ዳር መሸከም ሆነ። ስንመለስ አያ መንገድ ድረስ ሸኝቶን “ሸጋ ልጅ ናት፤ ዓይኗ ብቻ እህል አያውቅም” ብሎ ለእናቴ ላከላት።

ሐምሌ እንደተጋመሰ ዲሬክተሩ ከሰዓት በኋላ በዝናብ መጡ። ልጅቱ ጓሮ፣ ከእናቴ ጋር ምስር ትለቅም ነበር። ዲሬክተሩ ከኮታቸው ኪስ ቴሌግራም አወጡና ለአባቴ በዝግታ ነገሯቸው። የልጅቱ አያት፣ የእናቷ አባት ሞተዋል። ቴሌግራሙ ዞሮ ዞሮ እስኪደርስ ቀብሩም አልፏል።

“ልስጣትና ልሂድ” አሉ ዲሬክተሩ።

“ተቀመጥ” አሏቸው አባቴ። “መርዶ እንዲህ አይነገርም። ነገ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ ይነገራታል።”

“የኔታ፣ በእነሱ አገር ወዲያው ነው የሚነገረው። ደበቃችሁኝ ትላለች።”

“ያለችው እኛ ቤት ነው። በእኛ ቤት አዝና ብቻዋን ልትቀመጥ ነው?”

ዲሬክተሩ ወረቀቱን አጥፈው ለአባቴ ሰጡና ሄዱ።

ያ ምሽት ከበደኝ። ልጅቱ ደስ ብሏት ዋለች፤ ለወንድሜ የካርታ ጨዋታ እያስተማረች፣ ሲያጭበረብራት እየሳቀች አመሸች። እናቴ እንቁላል ጠብሳ አቀረበችላትና ፊቷን ማየት አቅቷት ወደ ጓዳ ገባች። ልጅቱ እኔን “ምን ሆነሻል?” አለችኝ። “ራሴን አሞኛል” አልኳት።

ጎህ ሲቀድ ቤታችን በሰው ሞልቶ ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ወንዶቹ በረንዳውን ይዘዋል። ልጅቱ ከእንቅልፏ ተነሥታ ብቅ ስትል “ዛሬ ደግሞ የምን በዓል ነው?” አለችኝ። እናቴ ከአንድ ወገን፣ አንዲት ጎረቤት ከሌላው ወገን ደግፈው አስቀመጧት። አባቴ ከፊቷ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ሟች መሆኑን፣ ዕድሜ ጠግቦ መሄድም ጸጋ መሆኑን በዝግታ ተናገሩ፤ እኔ እየተከተልኩ ተረጎምኩ። በመጨረሻ “አያትሽ አርፈዋል” አሉ። ያንን ቃል በእንግሊዝኛ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ድምፄ ሲወጣ የሌላ ሰው መሰለኝ።

አልጮኸችም። እናቴንና ጎረቤታችንን ተራ በተራ አየቻቸው። በዙሪያዋ ሴቶቹ ማልቀስ ጀምረዋል። ትንሽ ቆይታ ተነሣችና በጓሮ በር ወጣች። ተከትያት ወጣሁ።

“ትናንት ማታ ታውቂ ነበር?” አለችኝ።

“አውቅ ነበር።”

“ስስቅ እያየሽኝ?”

“አዎ። እኛ አገር መርዶ ብቻውን ለሆነ ሰው አይነገርም። ስትሰሚ የሚይዝሽ ሰው አጠገብሽ መኖር አለበት።”

“እኛ አገር በራችንን ዘግተን ለብቻችን ነው የምናለቅሰው።”

“ለምን?”

አሰበች። “ሰው እንዳናስቸግር ይመስለኛል።”

ካፊያው ራሳችን ላይ ይወርዳል። እናቴ መጣችና ምን እንደተባባልን እንኳ ሳትጠይቅ እጇን ያዘቻት። “ብርድ ይመታታል፤ ቦታዋ እዚህ አይደለም” አለችኝ። ልጅቱ ተከተለቻት። ከሴቶቹ መካከል ገብታ፣ የእናቴ ትከሻ ላይ ራሷን ጥላ፣ ያኔ ከልቧ አለቀሰች።

ረፋዱ ላይ ሰው እየተጠጋ “ምን ነበሩ? ምን ይሠሩ ነበር?” ይለኝ ጀመር። ጠየቅኳት። “ባቡር ነጂ ነበሩ” ብዬ ተረጎምኩ። ሰዎቹ ራሳቸውን በአክብሮት ነቀነቁ። አንዱ ሽማግሌ “የወፍጮ ባቡር ያለው ሰው አይቸገርም” ሲሉ ነው ነገሩ የገባኝ። በእኛ በኩል ባቡር ማለት እህል የሚፈጨው ሞተር ነው። በብረት ሐዲድ ላይ የሚሄድ፣ ሰውና ዕቃ የሚጭን፣ በረዶ እንደ ጤፍ ክምር የተቆለለበትን አገር ሰንጥቆ የሚያልፍ መሆኑን አስረዳሁ። ከተራራ ሥር ሲታጠፍ እንደሚያፏጭ እሷ ጨመረችልኝ።

ይህን ሁሉ በዝምታ ያዳምጡ የነበሩ አንዲት ባልቴት ነበሩ። የሰፈራችን አልቃሽ ናቸው፤ ሳይጠሩ ነው የመጡት። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና በዚያ ሻካራ ድምፃቸው እንዲህ አሉ፦

በረዶውን ጥሶ ያለፈ በባቡር፣
ምነው አላፏጨ ሲሻገር መቃብር።

ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞሩ፦

ባሕሩ ሰፊ ነው አይደርስም እግርሽ፣
እዚሁ አልቅሺ እኛ አለንልሽ።

እንድተረጉምላት ክንዴን ጨበጠችኝ። በጆሮዋ ነገርኳት፤ ግጥሙ ቤት ሳይመታ፣ እንዲያው በተራ ቃል። እያለቀሰች ፈገግ አለች። “እኔን እኮ አያውቁኝም፤ አያቴን ደግሞ አላዩዋቸውም” አለችኝ። ተነሥታ ባልቴቷን ጉልበታቸው ላይ ሳመቻቸው። ማን እንዳስተማራት እንጃ።

ለሟች ፍትሐት የማድረጉ ነገር ተነሣ። ጠያቂው ከአባቴ ተማሪዎች አንዱ ነበር። አባቴ “ሥርዓቱ አይፈቅድም፤ እምነታቸው ሌላ ነው” አሉ። ልጅቱ ምን እንደተባለ ጠየቀችኝ፤ አለሳልሼ ልነግራት ስል አባቴ “እንዳለ ንገሪያት” አሉኝ። ነገርኳት። ከዚያ እሳቸው ቀጠሉ፦ “ላዘነ ሰው መጸለይን ግን የሚከለክለኝ የለም። ለሷ እጸልያለሁ።” ቆመው በግዕዝ ጸለዩ። ሰው ሁሉ ቆመ። እሷም ጫማዋን አውልቃ ቆመች።

በሁለተኛው ቀን አያ ከአምባ ጊዮርጊስ መጣ። ወሬውን የሰማው ከአውቶቡስ ረዳት ነው። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ነው፤ ከበራችን ጀምሮ እያለቀሰ ገባ። ተቀምጦ ንፍሮ ከቆነጠረ በኋላ በእኔ በኩል “አያትሽ ሸጋ ሰው ነበሩ?” አላት።

“ቁጡ ነበሩ” አለች። “እናቴን እንኳ ይቆጧት ነበር። እኔን ግን አንድም ቀን አልተቆጡኝም።”

አያ አሰበበት። “እንግዲያው ሸጋ ነበሩ” አለ።

ሦስተኛው ቀን አልፎ ሰው ሲበተን ቤቱ ጭር አለ። ልጅቱ ወደ ዳሱ ጥግ ሄዳ ተቀመጠች፤ እግሯ ግን ለጥቂት ቀናት ዜማውን አልተከተለም። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ መምታት ጀመረ። አባቴ ከመቋሚያቸው ላይ ቀና ብለው አዩዋትና ትምህርታቸውን ቀጠሉ።

ፍልሰታ ሲገባ እንደ እኛ ካልጾምኩ አለች። እናቴ “ሀዘን ያደከማት ልጅ” ብላ ተከላከለች። አባቴ “እስከ ቀትር ትጹም፤ ከዚያ በኋላ አትከልክሏት” ብለው አስታረቁ። እስከ ቀትር ትጾማለች፤ ቀትር ሲሆን ደግሞ የሽሮውን ድስት ባዶ ታደርገዋለች።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ወስደን ሸኘናት። አባቴ ከዚያ በፊት አውሮፕላን በቅርብ አይተው አያውቁም። ጉልበታቸውን ስማ ስትነሣ፣ ቄስ አልነበሩምና በመስቀል አልባ እጃቸው ራሷን ይዘው ረጅም ምርቃት መረቋት። አውሮፕላኑ ሲነሣ ሜዳው ላይ የነበሩ ከብቶች ደንብረው ተበተኑ፤ እረኞቹ እየሮጡ ተከተሏቸው፤ እኛም ሰማዩን እያየን ቆመን ቀረን።

ስንመለስ፣ ከተማ ልንገባ ስንል አባቴ “ነገ ዲሬክተሩን አነጋግራለሁ” አሉኝ። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፤ መጠየቅ የሚያበላሸው መሰለኝ። በልቤ ግን እየዘለልኩ ነበር።

እናቴ ስለ መሄዴ አንድም ቃል አልተናገረችም። በሳምንቱ ግን ከገበያ ብዙ ጥጥ ገዝታ መጣች። “ለምንሽ ነው?” ብዬ ስጠይቃት “በረዶ ነው ያላችሁት አይደል አገሩን?” አለችኝ። መስከረምንና ጥቅምትን ሙሉ፣ ሥራዋን በጨረሰች ቁጥር በሩ አጠገብ ተቀምጣ ፈተለች። ሸማኔው “ይህን ያህል ድርብ ጋቢ ለሴት ልጅ ይከብዳል” ቢላት “ይክበዳት” አለችው። ከብዶኝም ነበር፤ አሜሪካ የተቀበለኝ ቤተሰብ ሶፋው ላይ አኑሮት ለሦስት እንለብሰው ነበር።