ነብሮች፣ ፊታችሁን አዙሩ

«ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» የሚባለው ለባዎጁ የተተረተ ይመስላል። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ፣ በዋንግጎንግ ባሕር ዳር፣ ከባሏ ታናሽ ወንድም ሚስት ከሱዩን ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የባሕር ዛጎል ለሥጋው ስትከፍት ኖራለች። በእጇ ዛጎሉን፣ በሆዷ ሱዩንን ስትፈለቅቅ ማለት ነው።

በአገራቸው ዓመታቱ በተራ በእንስሳት ስም ይጠራሉ፤ ሱዩን ለዚህ ቤት የታጨችው «የጥንቸል ዓመት ልጅ ናት፣ ገር ናት» ተብላ ነው። መታወቂያዋም ይህንኑ ይላል። ግን በዚያ ዘመን ልጅ ተወልዶ ዓመት ቆይቶ ነው የሚመዘገበው፤ መታወቂያ ምን ያውቃል? ከጥንቸል ዓመት በፊት ያለው ደግሞ የነብር ነው። በነብር ዓመት የተወለደች ሴት የሙሽራ ክፍል አትገባም፣ ነፍሰ ጡርና አራስ ያለችበትን ደጃፍ አትረግጥም። ይህን የማያውቅ የለም።

ባዎጁ ሁለተኛ ልጇን አርግዛ አምስተኛ ወሯን እንደያዘች ሱዩን ክፍሏ ገባች። በማግስቱ ፅንሱ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ሌላ አልወለደችም።

«ያቺ ነብር ናት ልጄን የበላችው» ትለዋለች ባሏን።

«ኧረ በሕግ! ጥንቸል ናት አልተባለም?»

«ጥንቸል እንደዚያ ያለ ዓይን አላት?»

ማስረጃ አላጣችም። በዘመድ ሠርግ ሙሽራዋ ስትገባ ሱዩን «ሆዴን ቆረጠኝ» ብላ ውልቅ ትላለች። ምነው ሆዷ ሙሽራ ሲመጣ ብቻ ይቆርጣታል? ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ፣ በዝንጀሮ ዓመት፣ ገና ሳይነጋ ዕጣን ይዛ ወደ ቤተ መቅደስ ስትሹለከለክ ባዎጁ ተከትላታለች። ከዝንጀሮ ዓመት ጋር የሚጣላው፣ በዓመቱም ምልጃ የሚያሻው ነብር ነው፤ ጥንቸል ምን ቸገራት? አንድ ቀን ለአማቷ ነገሩን ጣል አደረገችላቸው።

«ዛጎልሽን ፈልቅቂ!» አሉ አሮጊቷ፤ በቃ፣ ይኸው ነው መልሳቸው።

እኚህ አማት በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። ባዎጁ ትወዳቸው ነበር፤ መቼም እውነቱን እንናገር፣ ከእናቷ አስበልጣ ትወዳቸው ነበር። መጨረሻ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ በማንኪያ ያጎረሰቻቸው እሷ ናት። ሲያርፉ ግን ገበያ ላይ ነበረች፤ ስትመለስ ፊታቸው ተሸፍኖ አገኘችው። «ግድ የለም፣ ሣጥኑ ሲዘጋ ይገለጣል፤ ያኔ እሰናበታቸዋለሁ» እያለች ራሷን ስታጽናና ሰነበተች።

በቀብሩ ጠዋት ሥርዓቱን የሚመራው አዋቂ በር ላይ ወረቀት ለጠፈ። ሟች የዝንጀሮ ዓመት ናቸው፤ ሣጥኑ ሲዘጋ የነብር ዓመት ሰዎች ጀርባቸውን ይስጡ፤ ያየ ይታመማል። ባዎጁ ስታነበው ልቧ ዘለለ። «ዛሬ የት ትገቢ!» አለች በሆዷ። ሱዩን ፊቷን ብታዞር ትታወቃለች፤ ባታዞር ደግሞ አልጋ ላይ ትውላለች።

ደወሉ ተደወለ። ሻሹ ከአሮጊቷ ፊት ተነሳ።

«የነብር ልጆች፣ ፊታችሁን አዙሩ!»

ጎረቤታቸው ባለሥጋ ቤቱ ዞረ። አንዲት የአጎት ልጅም ዞረች። ባዎጁ ዓይኗን ሱዩን ላይ ተከለች፤ ትንሽ ብትነቃነቅ እንኳ እንዳያመልጣት አልጨፈነችም። ሱዩን አልዞረችም። ይባስ ብላ ወደፊት ሄደች፣ የሣጥኑን ጠርዝ ይዛ አጎነበሰች፣ እንባዋ እየወረደ ትክ ብላ አየች። ክዳኑ ወረደ። መዶሻው ቋ፣ ቋ፣ ቋ አለ።

ጥንቸል ናት! ወይ ጉድ፣ ባዎጁ ይህን ሁሉ ዘመን በሰው ኃጢአት ስትገባ ኖረች? ከቀብር መልስ እንግዳው ሲበተን ጓሮ ሳህን የምታጥበው ሱዩን ዘንድ ሄደች።

«ይቅር በይኝ። እኔ እኮ ነብር ነሽ እያልኩ...»

«ነኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ነብር ነኝ፣ እትዬ። እማማ ገና ሳልታጭ ጀምረው ያውቃሉ። ሊሞቱ ሰሞን እጄን ይዘው ‹ሣጥኔ ሲዘጋ ጀርባሽን እንዳትሰጪኝ፤ ሁለታችሁም እያያችሁኝ ልሂድ› አሉኝ። እንዴት ብዬ ልዙር?»

«አትፈሪም?»

«እፈራለሁ እንጂ!» ሱዩን ሌላ ሳህን አነሳች።

የባዎጁ ደም ፈላ። «ታዲያ ያን ቀን ክፍሌ ምን ልትሠሪ ገባሽ? እያወቅሽ!»

«ጠራሽኝ እኮ። ደም አይተሽ ጮኸሽ ጠራሽኝ። ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ ማን ነበረ? በር ላይ ቆሜ ልይሽ?»

ባዎጁ ያን ቀን መልሳ አሰበችው። አዎ፣ ጠርታታለች። ደሙ የጀመራት ሱዩን ሳትገባ ነው። ለሰው ስታወራው ግን ሁሌም ከመግባቷ ነበር የምትጀምረው። ያቺ የለመደች ሆዷ አሁንም «ብትዋሽስ?» ትላለች፤ የምትይዘው ማስረጃ ግን አጣች። ሣጥኑ ከተቸነከረ ሰዓት አልፎታል። አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ሱዩን፣ እማማ... ፊታቸው እንዴት ነበር?»

ሱዩን ዞር ብላ አየቻት። «እዚያው ቆመሽ አልነበር? አላየሻቸውም እንዴ?»

«አንቺን እያየሁ ነበር» አለች ባዎጁ።