ወደ ትኬት መስኮቱ የተመለስኩበት መንገድ

መጀመሪያ ያመመኝ ጀርባዬን ነው፤ ከሁለቱ ትከሻዎቼ መካከል፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ። ሐዋሳ ውስጥ ባለ አሮጌ የአውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስለምውል የወንበሩ ነገር ነው ብዬ ሦስት ወር ማስታገሻ እየዋጥኩ ቆየሁ። ስተኛ ያልበኝ ነበር። ቀሚሶቼ ሰፉኝ። ይህንንም በሥራ ብዛት አሳበብኩ።

አንድ ቀን ከምሳ ስመለስ አንድ ዕቃ ተሸካሚ ከኋላዬ ተጣራ። «ብርቱካን፣ ጫማሽን ጥለሽ ሄድሽ።» ዞር ስል ነጠላ ጫማዬ መንገድ ላይ ቀርቷል። ስንት እርምጃ በባዶ እግሬ እንደሄድኩ አላውቅም። አልተሰማኝም።

በሳምንቱ መቆም አቃተኝ። ሽንት እምቢ አለኝ። እህቴ ታደለች በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰችኝ። ሽንት የሚያወጣ ቱቦ፣ ካቴተር፣ ገባልኝ። ኤምአርአይ ተነሣሁ። ሁለት የአከርካሪ አጥንቶች ተበልተዋል። መግል ነርቩን ተጭኖታል። የአከርካሪ ቲቢ ነው አሉኝ። ሳል እንኳ አልነበረኝም።

በቀዶ ሕክምና መግሉ ወጣ። ሐኪሙ ወንበር ስቦ ከአልጋዬ አጠገብ ተቀመጠ።

«እግርዎ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም» አለኝ። «መድኃኒቱን ካቋረጡ ግን እንደማይመለስ አውቃለሁ። አሥራ ሁለት ወር ነው። አንድም ቀን አይዝለሉ።»

አልዘለልኩም። ማቅለሽለሹ ሲበረታብኝም ዋጥኩት። ታደለች በየሁለት ሰዓቱ እያገላበጠችኝ ገላዬ ሳይቆስል ቀረ፤ በአራተኛው ወር የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ፤ በስምንተኛው ወር ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ ግራና ቀኝ ብረት ይዤ ቆምኩ። መድኃኒቱን ስጨርስ ቤት ውስጥ ዎከር የሚሉትን ባለ አራት እግር መደገፊያ ይዤ ጥቂት እርምጃ እራመድ ነበር፤ ከቤት ስወጣ ግን ዊልቸር ነው።

ሥራዬን ልጀምር መጣሁ። ትኬት መስኮቱም ቢሮውም ያሉት በረንዳው ላይ ነው፤ ወደ በረንዳው የሚያስወጣው አራት ደረጃ ነው። ስንት ዓመት ወጥቼ ወርጄበታለሁ፣ ቁጥሩን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ባልደረቦቼ እኔን ከነዊልቸሬ ተሸክመው አወጡኝ። በፍቅር ነው ያደረጉት። እኔ ግን እታች ወዳለው ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው ላለማስቸገር ውሃ መጠጣት ተውኩ። ብዙም ሳይቆይ ትኩሳት ጣለኝ፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር።

«መድኃኒት አዝዝልዎታለሁ» አለ ሐኪሙ ምክንያቱን ስነግረው። «ያ ደረጃ እንዳለ ከቆየ ግን ተመልሰው ይመጣሉ።»

እንዳገገምኩ የመናኸሪያው ኃላፊ አቶ ደሳለኝ ዘንድ ገባሁ። «ደረጃ ወደሌለበት መዝገብ ቤት ላዛውርሽ» አለኝ። ለእኔው አስቦ ነው።

«እኔስ ልዛወር፤ ተሳፋሪው የት ይዛወራል?» አልኩት።

በደረጃው አጠገብ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት መንገድ፣ ራምፕ፣ ይሠራ አልኩት። የአውቶቡሶቹን መውጫ እስካልዘጋ ድረስ ብሎ ፈቀደ። ግንበኛው ጋሽ ማርቆስ ከቱላ መጡ። ቦታ ለመቆጠብ አሳጥረው ሠሩት፤ አቀበቱም በረታ። ሲደርቅ ልሞክረው ወጣሁ። መሃል ላይ ክንዴ ከዳኝ። ወደ ኋላ ተንሸራተትኩ። ተገለበጥኩ። ክርኔ ደማ።

«በቃ ይቅር» አለ አቶ ደሳለኝ ደንግጦ።

«አይቀርም፤ አጥሮ ነው እንጂ» አልኩ ገና መሬት ላይ እያለሁ።

ጋሽ ማርቆስ አቧራዬን አራገፉልኝ። «ልጄ፣ እኔ የለመድኩት ደረጃ ነው። ልኩን አምጪልኝ» አሉ። ልኩን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ነገረችኝ፤ ለአንድ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት። የእኛ ከፍታ ስልሳ ሳንቲሜትር ነው፤ ሰባት ሜትር ከሃያ ማለት ነው። ቀጥ ብሎ ቢወርድ የአውቶቡሶቹ መውጫ ላይ ስለሚደርስ በግድግዳው ጥግ አዞርነው፤ መታጠፊያው ላይም ማረፊያ ሜዳ ተውን። የሠሩትን በገዛ ዶማቸው አፍርሰው እንደገና ጀመሩ፤ እኔም ሥራው እስኪያልቅ በየቀኑ ዊልቸሬ ላይ ሆኜ ሜትሩን በአንድ ጫፍ ያዝኩላቸው። ከዚያ የእጅ መደገፊያ ብረት ተበየደ፣ የሽንት ቤቱ በር ሰፋ፣ የመስኮቱ ባንኮኒም ዝቅ አለ።

በሁለተኛው ሙከራ ብቻዬን ወጣሁ። ላይ ስደርስ ታደለች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅስ ነበር። እኔ መስኮቱን ከፈትኩ።

በዚያው ሳምንት አንድ አዛውንት በክራንች መጡ። ልጃቸው እታች ሊያስቀምጣቸውና ትኬቱን ራሱ ሊቆርጥ ሲል፣ «ተው፣ እኔው እቆርጣለሁ» ብለው ቀስ እያሉ ወጡ። «አንድ ዲላ» አሉኝ።

ፈጣሪዬን፣ እህቴን፣ እውነቱን ሳይሸፋፍን የነገረኝን ሐኪም፣ ሠርተው ያፈረሱትን ጋሽ ማርቆስን አመሰግናለሁ። በዚህ መንገድ ላይ ላላችሁ የምለው ይህን ነው፤ የማይለቅ የጀርባ ሕመም ከላብና ከመክሳት ጋር ከመጣ በማስታገሻ አትሸንግሉት። መድኃኒታችሁን ጨርሱ። ውሃ ጠጡ። ራምፕ ሊሠራላችሁ ሲባልም ቤት ሆናችሁ አትጠብቁ፤ ሂዱና ራሳችሁ ሞክሩት፤ ካልሆነ፣ ሳታፍሩ ይፍረስ በሉ።