አጎቴና የብየዳው ዱቄት

አጎቴ ካረፉ ሁለት ወር ሆናቸው። እዚህ አሜሪካ ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ድረስ አብረን እየሄድን፣ እሳቸው ብረት ይበይዱ፣ እኔ ወርክሾፑን አጸዳ ነበር። አሁን ብቻዬን ስመላለስ መንገዱ ያደክመኛል።

በእሳቸው ማሽን ሲበየድ እሳቱ ብየዳውን በሚሸፍን ዱቄት ውስጥ ተቀብሮ ስለሚሄድ በዓይን አይታይም። ዱቄቱ እርጥበት ካለው ብየዳው ከላይ አምሮ ውስጡ ይቦረቦራል። ስለዚህ ዱቄቱን በእጃቸው ጨብጠው ሳይዳስሱ ሥራ አይጀምሩም ነበር።

አንድ ጠዋት እንዳይባክን ብዬ የፈሰሰውን ዱቄት ከእርጥብ ወለል ላይ አፍሼ ከደረቁ ጋር ቀላቀልኩት። አጎቴ ጨበጡትና ወደ እኔ ዘወር አሉ።

"ይኼን ገንፎ ያገነፋው ማነው?"

ከሥራ እባረራለሁ ብዬ እየፈራሁ "እኔ ነኝ፣ ጋሼ" አልኳቸው።

"ታዲያ ቅቤውን የት ረሳሽው?" አሉኝ። ከዚያ ዱቄቱን ነፍተው ማድረቂያው ምድጃ ውስጥ ከተቱት። "ከነገርሽኝ ይደርቃል፣ ልጄ። ያልነገርሽኝ ነው ብረት ውስጥ የሚቀረው።"

ባለፈው ሳምንት የዱቄቱ ከረጢት ላይ ውሃ ደፋሁ። በእሳቸው ቦታ ለተቀጠረው በያጅ እንደምንም ነገርኩት። ቀና ሳይል "እሺ" ብሎ ከረጢቱን ጣለው። እኔ ግን የሚያሾፍብኝ ሰው እየጠበቅሁ ትንሽ ቆሜ ቆየሁ።