የእሑድ መርፌ

ከትምህርት ቤት ተመልሼ፣ ሱሪዬን አውልቄ፣ በቁምጣ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ እግሬን ስታጠብ ነው የያዙኝ። ሱሪ ልልበስ ብላቸው «ለጥቂት ጥያቄ ነው፤ አሁን ትመለሳለህ» አሉኝ። ሚስቴ ከኋላ ሮጣ ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። ያ «አሁን» ወራት ፈጀ። በሻይ ቤት ተናገርህ ያሉኝን ነገር መናገሬን እስካሁን አላስታውስም።

ያሰሩን ከከተማ ወጣ ባለ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። በሩ ገና ሲከፈት የስንዴ አቧራ አፍንጫዬን ሞልቶ አስነጠሰኝ። ከጨለማው ውስጥ አንድ ወፍራም ድምፅ «ይማርህ!» አለ። በዚያ ቤት የተቀበለኝ የመጀመሪያው ቃል እሱ ነው።

ባለ ድምፁ የስማዳ ገበሬ ናቸው፤ አባቴ የሚሆኑ፣ ከሁላችንም በቁመት የሚበልጡ። «አያ» እላቸው ነበር። የተያዙት ከገበያ ሲመለሱ ነው። ለልጃቸው ሠርግ የገዙት አዲስ ጥቁር ሱሪ እንደ ታጠፈ በፌስታል አብሯቸው ታስሯል። ሠርጉ እሳቸው በሌሉበት አለፈ። እንደ እኔው በቁምጣ እየዋሉ ሱሪውን ይንተራሱታል። «ስፈታ እሱን ለብሼ ነው ቤቴ የምገባ» ይሉ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጠባቂው በሩን ገርበብ አድርጎ ስሜን ጠራ።

«ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለህ።»

በሩ ሲዘጋ አያ ፌስታሉን ይፈቱ ጀመር። ነገሩ ገብቶኝ «አይሆንም፤ የሠርግ ሱሪዎ ነው» አልኋቸው።

«ሠርጉማ አለፈ። አስተማሪ ሰው በቁምጣ ዳኛ ፊት ሊቆም ነው? ተማሪዎችህ ደጅ ቆመው ቢያዩህስ? በል እግርህን አግባ!»

ተከራክሬ አቃተኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙም አልተከራከርሁ። ቁምጣዬ ላይ ደርቤ ብለብሰው ወገቡ ደህና ነው፤ እግሩ ግን ስንዝር ያህል ተርፎ መሬት ይጠርጋል። ስራመድ ረግጬው ልደፋ ስል አያ ሳቁብኝ።

«አጭር መሆንህንስ አላውቅም ነበር። ተቀምጠህ ስታወራ እኮ ትረዝማለህ።»

መርፌ አላቸው። ለእሾህ ማውጫ ብለው በጋቢያቸው ጥለት ውስጥ ሰክተው ያኖሩትን ፈታሾቹ አላገኙትም። ክሩን ከጋቢው ጫፍ መዘዝን፤ ነጭ ስለሆነብን በምግብ ድስቱ ጥላሸት አሽተን አጠቆርነው። ክሩን መርፌው ላይ ካስገቡ በኋላ ግን አያ እጃቸውን ገቱ። ቀኑ እሑድ ነው። እሳቸው ደግሞ በሰንበት ሸሚዛቸውን ገልብጠው ቅማል እንኳ የማይለቅሙ ሰው ናቸው። እስኪመሽ እንዳንጠብቅ መጋዘኑ ውስጥ መብራት የለም።

«እኔ ልስፋው» አልሁ።

«ተው። አንተ ነገ የምትቆም ሰው ነህ፤ ንጹህ ሆነህ ቁም። ኃጢአቱ በኔ ይሁን።»

አማተቡና እግሬ ሥር ተንበረከኩ። አባት የሚያህል ሰው እግሬ ሥር ተደፍቶ ጨርቅ ሲለካ ቁሜ ማየቴ አሳፈረኝ፤ ልቀመጥ ብል ደግሞ ልኩ ይበላሻል ብለው ተቆጡኝ።

«ትርፉን በጥርሴ ቀድጄ ልጣልልህ? ሲታጠፍ ይወፍርብሃል።»

«አይቅደዱት። ስመልስልዎ ይተረተርና ልክዎ ይሆናል።»

መርፌውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ።

«ይዘኸው እንዳትመጣ! እኔ ሰንበት ሽሬ የምሸኝህ ተመለስ ብዬ ነው እንዴ?»

በማግስቱ ዳኛው ፊት ስቆም ያንን እጥፋት በቁርጭምጭሚቴ ላይ እየተሰማኝ ነበር። «ይፈታ» አሉ። ወደ መጋዘኑ አልመለሱኝም፤ ከዚያው ከፍርድ ቤቱ በር ሂድ ተባልሁ። የሱሪውን ቁልፍ መፍታት ጀመርሁ። ሱሪውን ይላኩላቸው ብዬ ነው።

ፖሊሱ «አበድህ እንዴ? ሂድ ስትባል ሂድ!» አለኝ።

ደጅ ስትጠብቀኝ የቆየችው ሚስቴ እጄን ጎተተች። ሐሳባቸውን እንዳይለውጡ ፈራሁና ሄድሁ። ሰንብቼ ሱሪውን አጥቤ፣ ቆሎ ይዤ መጋዘኑ ብሄድ ስንዴ እየተራገፈበት ነበር። እስረኞቹን ወዴት እንዳዛወሯቸው የሚነግረኝ አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ ሱሪው ከልብሴ ጋር ተሰቅሎ ቁምሳጥኑን በከፈትሁ ቁጥር ያየኛል። ሰው መታሰሪያውን ትቶ ይወጣል፤ እኔ የሰው መፈቻ ልብስ ለብሼ ነው የወጣሁት። ልብሱስ ይመለሳል። እኔን ብለው የተሸከሙት ኃጢአት ግን እንዴት ይመለሳል? ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣኝ እሱ ነበር።

ዘንድሮ በሰው በሰው ቤታቸውን አገኘሁት፤ ከስማዳዋ ከተማ ከወገዳ በእግር የሚያስኬድ ነው። ቅዳሜም ስለማስተምር ከእሑድ በቀር ቀን የለኝም። ባለቤታቸው እልፍኝ አስገቡኝ። አያ ሩቅ አገር ታስረው በሕይወት እንዳሉ ብቻ መስማታቸውን ነገሩኝ። ሱሪውን ሰጠኋቸው። ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በእጃቸው ሲዳብሱት ቆዩና እጥፋቱ ላይ ደረሱ።

«ማነው እንዲህ እንደ ጆንያ አፍ የሰፋው?»

«እኔ ነኝ» አልሁ። ምላሴ ቀደመኝ። «ለፍርድ ቤት ብዬ። እሑድ ቀን።»

እጃቸውን ከጨርቁ ላይ አነሡ።

«በእሑድ! እሱስ ዝም አለህ?»

«ኧረ ተቆጡኝ፣ እናቴ። ፊታቸውን አዙረው ተቀመጡ።»

ከገባሁ ጀምሮ ያልተፈታ ፊታቸው ፈገግ አለ።

«ይቆጣላ! እሱ ሰንበት ሽሮ አያውቅም።»

ሱሪውን አጣጥፈው ካስማው ላይ ሰቀሉት። ዛሬ አይነካም፤ ሲመጣ በሥራ ቀን እተረትርለታለሁ አሉ። በሩ ድረስ ሸኝተውኝ ትከሻዬን ያዝ አደረጉ።

«አንተንም እግዜር ይቅር ይበልህ፣ ልጄ።»

«አሜን» አልሁ፤ ስለ እሳቸውም ጭምር።