ናፍጣ የማያቃጥለው ቢሮ

ጠበል የማይሰማው ጄኔሬተር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነበረኝ። ከደቡብ ሱዳን የሰላም ስምምነት በኋላ ጁባ ከተማ፣ «ጁባ ና ባሪ» በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የመንግሥት ቢሮ ጋር አጥር የምትጋራ ትንሽ ምግብ ቤት ከፍቼ ነበር። ምን እንደነካው እንጃ፣ ጄኔሬተሬ ናፍጣ እንደ ውኃ ይጠጣ ጀመር። መካኒኩ ፈታትቶ አይቶ «ተማም ነው፣ ምንም የለበትም» አለ። ጸልዬ ጠበል ብረጭበት ጭራሽ ባሰበት። ልጆቼን የማበላባትን ቤት ልዘጋት ደረስኩ።

በዚህ መሐል ጎረቤቴ ቢሮ ኃይል በመቆጠብ ሊመሰገን ነው ተባለና የበዓሉን ምግብ እኔ እንዳቀርብ ታዘዝኩ። አዳራሹ ስገባ በማቀዝቀዣ ብዛት እንደ ደብረ ብርሃን ይበርዳል። ኃላፊው ኢትዮጵያ በስደት ያደገ፣ አማርኛ የሚያቀላጥፍ ጎልማሳ ነው።

«እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ እርስዎም ይማሩበታል» አለኝና ማይኩን ጨበጠ። «ጄኔሬተራችንን ካጠፋን ወራት አለፉ። ጠብታ ናፍጣ አላቃጠልንም!»

ጭብጨባው ቀለጠ። እኔም የራሴን ብክነት አስቤ አፈርኩ። ሲጨርስ ዘዴውን ልለምነው ቆረጥኩ።

ለወጥ ቤት ሠራተኛዬ ምግቡ ከወጣ በኋላ ጄኔሬተሩን እንድታጠፋው ነግሬያት ነበር። ከአጥሩ ወዲያ የለመድኩት ድምፅ ጸጥ አለ። በዚያው ቅጽበት ማይኩም ማቀዝቀዣውም ቀጥ አሉ።

እንግዳው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ።

«ኧረ እማማ፣ ጄኔሬተርዎን ያስነሱልን! ስለ ቁጠባው ገና ተናግሬ አልጨረስኩም።»