ካሴቱ ውስጥ ያለው ትንፋሽ

ከፒያሳ መገናኛ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ሾፌሩ የድሮ ዘፈን ከፈተ። ሳክስፎኑ ከመግባቱ በፊት አጭር ትንፋሽ ተሰማ። የአያቴ ትንፋሽ ነው።

ልጅ ሳለሁ ካሴቱን በእርሳስ አጠንጥነው ያቺን ቦታ ያሰሙኝ ነበር። "ባንዱ በሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ አብረን ነው የተቀዳነው። አንዱ ከሳተ ሁሉም እንደገና ይጀምራል። ትንፋሼ ስለገባ 'እንድገመው' ብል፣ ዘፋኙ 'ተወው፣ ያምራል' አለኝ።"

ጆሮዬን ቴፑ ላይ ለጥፌ፣ "አባባ፣ እዚያ ውስጥ አይጨንቅዎትም?" አልኳቸው።

ሳቁ። "ከእነማን ጋር እንደሆንኩ ብታውቂ!"

ከባንዱ በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ እንደነበሩ ያኔ አላወቅሁም። አምና እሳቸውም አረፉ።

"አራት ኪሎ ወራጅ አለ?" አለ ረዳቱ።

መውረጃዬ ነበር። ዘፈኑ ግን አላለቀም፤ ዝም አልኩ።