ገዢ ሳይመጣ የሞቀ ሞተር

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ ፈታሽ ነበሩ። ከፈረቃ የሚወጡትን ሴቶች አንድ በአንድ እየዳበሱ ከነጠላ ሥር የተጠቀለለ ክር፣ ከቀሚስ ውስጥ የተደበቀ ቁራጭ ጨርቅ ያወጣሉ። አዳዲስ ፈታሾችን ሲያሠለጥኑ፣ «እጇን አትዩ፣ አንገቷን እዩ። የደበቀ ሰው አንገቱ ይደርቃል» ይሉ ነበር።

ሥራውን ቢተዉም ዓይናቸው ጡረታ አልወጣም። ሥጋ ሻጩ ሚዛኑ ላይ ጣቱን ያሳርፋል ብለው ይጠረጥራሉ፤ የባጃጅ ሾፌሩ መንገድ ያዞራል ብለው ይጠረጥራሉ። አማቻቸውን ሳምሶንንማ አንድ ልጃቸውን ሩሐማን ካገባበት ቀን ጀምሮ ሲጠረጥሩት ኖረዋል። ምን አድርጎ? ምንም። የሶዶ ልጅ ነው፤ አይጠጣም፣ አያመሽም፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። «ይኼን ያህል ደግ ሰው የለም፤ አንድ ነገርማ አለ» ይላሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለው ግቢያቸው ዝቅ ያለ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ አፈር እየሞላ፣ ከፍ እያደረገ ሲሠራ እሳቸው ጎድጓዳው ውስጥ ቀሩ። ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ በጓሮ ገብቶ በፊት በር ይወጣል። አምና ቦይ ለማስቆፈር ኤክስካቫተር ተከራይተው ነበር፤ ኦፕሬተሩ የውሃ መስመሩን በጥሶ፣ ቦዩን ግማሽ ላይ ትቶ፣ «ናፍጣ አለቀ» ብሎ እንደወጣ ቀረ።

«ሁለተኛ የኪራይ ማሽን ግቢዬ አይገባም!» አሉ። ባለቤታቸው የተዉላቸውን የፒያሳ ሱቅ ሸጠው ስለነበር አንድ ያገለገለ ትንሽ ኤክስካቫተር ለመግዛት ቆረጡ። ቦዩን ያስጨርሱበታል፣ ጓሮውን ያስደለድሉበታል፣ ከዚያ ደግሞ ለሠፈሩ ያከራዩታል። ሠፈሩ እንደሆነ ግንባታ ላይ ነው።

ማሽኑን ያገኘላቸው ሳምሶን ነበር። ይኼ ራሱ ደስ አላላቸውም።

መናኸሪያ አካባቢ ክብሩ የሚባል ሰው በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ ማሽኑን ዛፍ ሥር አቁሞ ጠበቃቸው። ቢጫ ቀለሙ ያብረቀርቃል። «እናቴ፣ ይኼን ለሌላ ሰው ቢሆን አልሸጠውም ነበር» አለ ክብሩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ማሽኑን ዞሩት። መቀመጫው ተበልቷል፣ ፔዳሎቹ ላልተዋል፣ ቀለሙ ግን የትናንት ነው። የሞተሩን ክዳን በመዳፋቸው ነኩት።

«ሞቋል» አሉ።

«ፀሐይ ነዋ፣ እናቴ!»

ቀና ብለው ዛፉን አዩት። ግቢው ውስጥ ጥላ ያለው እሱ ሥር ብቻ ነበር። ከዛፉ ላይ ዓይናቸውን ወደ ሳምሶን መለሱ። አንገቱ ደርቋል።

ያን ቀን «አስብበታለሁ» ብለው ወጡ። አስበውም አላበቁ። ቀዝቃዛ ሞተር ችግሩን ስለሚያጋልጥ ሻጭ አስቀድሞ እንደሚያሞቀው ሰምተዋል። ክብሩ ያሞቀው እንደሆነ ሳምሶን ለምን ዝም አለ? ከደላላነቱ የሚደርሰው ነገር ቢኖር ነው። ልጃቸው ጋ ደውለው፣ «ባልሽ ከዚያ ሰውዬ ጋር ምን አለው?» ሲሏት ሩሐማ ትንሽ ዝም ብላ፣ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እማዬ» አለች። የዝምታዋም ነገር አላማራቸውም።

በማግስቱ በጠዋት፣ ለማንም ሳይናገሩ፣ ባጃጅ ይዘው ወደ መናኸሪያ ወረዱ። ሞተሩ ሳይሞቅ ደርሰው ሊይዟቸው ነው። የቆርቆሮው በር ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ የሞተር ድምፅ ይሰማል። «ደረስኩባችሁ!» አሉ በሆዳቸው፤ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ።

ማሽኑ ላይ የተቀመጠው ሳምሶን ነበር። ቱታ ለብሶ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ ጉድጓድ ይቆፍራል። ቆፍሮ ሲጨርስ አፈሩን መልሶ ይደፍናል። ደግሞ ይቆፍራል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቆመው ሲያዩት ቆዩ። ድንገት አያቸውና ሞተሩን አጠፋ።

«እማማ...»

«ሥራ አልገባህም?»

«ሥራ የለኝም» አለ፣ ከመቀመጫው ሳይወርድ። «የምሠራበት ፋብሪካ ሰው ሲቀንስ እኔም ተቀንሻለሁ። ከጥምቀት በፊት።»

ፋሲካ አልፏል። «ሩሐማ ታውቃለች?»

«አታውቅም። ጠዋት እንደ ሠራተኛ እወጣለሁ። ክብሩ ‹ገዢ ካመጣህልኝ ተለማመድበት› አለኝ። ኦፕሬተር ልሆን ነው።»

«ስለዚህ እኔን ሸጥከኝ።»

«አልሸጥኩዎትም፣ እማማ! ማሽኑን ሲገዙ እኔ ልንዳልዎት ብዬ ልለምንዎት ነበር። አፌ እምቢ አለኝ።»

ይኼኔ ክብሩ መፋቂያውን እንደያዘ ከጓዳ ብቅ አለ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሰላምታ እንኳ አልሰጡትም። «የዚህ ማሽን ሕመሙ ምንድን ነው?» አሉ።

«ሕመም? እናቴ፣ ይኼ እኮ ጤነኛ ነው!»

ወደ ሳምሶን ዞሩ። ሳምሶን ወርዶ፣ ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ የማሽኑን ክንድ ከታች በኩል ፋቀው። ቢጫው ሲነሳ የብየዳ ጠባሳ ታየ። «እዚህ ጋ ተሰብሮ ነበር» አለ። «ከባድ ነገር ሲያነሳ ይጮኻል። ሞተሩ ግን ደህና ነው፤ በየቀኑ የማስነሳው እኔ ነኝ። ትናንትም የሞቀው ስለማመድበት ቆይቼ ነው።»

«የገዛ እንጀራህን ነው የምትዘጋው!» ብሎ ክብሩ ጮኸበት።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ላይ ልቡ ይራራ ነበር። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግን፣ ይኼም ተነጋግረው ያዘጋጁት ቢሆንስ? አሉ በሆዳቸው። ትንሹን ጉድለት አሳይቶ ትልቁን መሸፈን የሌባ ሁሉ ጥበብ ነው፤ ፋብሪካው በር ላይ ስንቷ አንዲት ክር በፈቃዷ አውጥታ ጥቅልሉን ይዛ ልትወጣ ሞክራለች! ስለዚህ ውላቸውን ተናገሩ። ክንዱ እሳቸው በመረጡት በያጅ ዘንድ፣ እሳቸው ባሉበት፣ በወፍራም ብረት ይታሰራል። ሊብሬው መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጣራል። ማሽኑ ክፍያ ሳይፈጸም መጀመሪያ የእሳቸውን ቦይ ይቆፍራል። ክብሩ አጉረመረመ፤ ሌላ ገዢ ስላልነበረው ግን ተስማማ።

በር ላይ ሲደርሱ ሳምሶንን፣ «እስከ እሑድ ለሚስትህ ካልነገርክ እኔ እነግራታለሁ» አሉት።

በያጁ ቤት ዱካ ላይ ተቀምጠው ዋሉ፤ ዓይናቸው በእሳቱ ብልጭታ እስኪቀላ አልተነሱም። ሊብሬውም ተጣራ፤ የክብሩ ነው። በቁፋሮው ቀን ደግሞ ሳምሶን ራስ ላይ ቆሙ። ማሽኑ የውሃ መስመሩ አጠገብ ሲደርስ ሳምሶን ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና በእጅ አካፋ ቀስ ብሎ ይጠርግ ጀመር። ቧንቧው ብቅ ሲል በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ተሻገረው። እሳቸው «ጎሽ» አላሉም። ምሳ ግን አቀረቡለት፤ አጠገቡ ተቀምጠውም በሉ። በማግስቱ ቦዩ ሲያልቅ ለክብሩ ከፍለው ሸኙት።

እሑድ ሩሐማ ብቻዋን መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ነገረኝ» አለች። «እኔ እኮ ሌላ ሴት ይዟል ብዬ ነበር፣ እማዬ። ስንት ወር ሙሉ! ንጹሕ ልብስ በቦርሳ ይዞ ይወጣል፣ ታጥቦ ይገባል። የእኛ ቤት ያልሆነ ሳሙና ይሸተኛል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? ቦርሳውን አታዪም ነበር?»

ሩሐማ እናቷን ትክ ብላ አየቻቸው። «እንደ አንቺ እንዳልሆን ነዋ» አለች። «ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስገባ ቦርሳዬን ትፈትሺው ነበር። የባሌን ኪስ የምፈትሽ ሴት አልሆንም ብዬ ለራሴ ምዬአለሁ። ለዚህ ብዬ ነው ስቃጠል የከረምኩት።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ «ለቤቱ ብዬ ነበር» ሊሉ ፈልገው ተዉት። ተነሥተው ለልጃቸው ውሃ ቀዱላት፤ ስትጠጣም አዩዋት።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ወርዶ አደረ። ጎርፉ በጓሮ መጣ፤ ቦዩ ተቀብሎ ወደ መንገድ አወጣው። ቤት ውስጥ አንዲት ጠብታ አልገባችም። ረፋዱ ላይ ግን የታች ጎረቤታቸው ሱሪውን ሰብስቦ፣ በጭቃ ተነክሮ መጣ። የእሳቸው ውሃ አሁን እሱ ግቢ እየገባ ነው፤ ማሽኑን ካልላኩለት ሠፈር ሊሰበስብባቸው ነው።

የማሽናቸው ኦፕሬተር የሆነው ሳምሶን ሞተሩን አስነሥቶ ሰውየውን ተከትሎ ሄደ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሊከተሉት ጫማቸውን አጥልቀው በር ድረስ ወጡ። ማሽኑ በጭቃው መሃል እየተንገዳገደ እስኪታጠፍ አዩት፤ ከዚያ ወደ ቤት ተመለሱ።